እስካሁን ሰርቨሩ አንቺ ነበርሽ

ደብዳቤው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ጋሼ። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራ ስላላገኘሁ የአጎቴ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሸጣለሁ፣ ደብተርም እይዛለሁ። ማታ ማታ በላፕቶፔ እማራለሁ። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ጨርሻለሁ፣ ጃቫስክሪፕት ላይ ደህና ነኝ፣ ሪአክት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም አቁሜያለሁ። የሚያምር ገጽ መሥራት እችላለሁ። ግን ገጹ ከሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ዳታ የሚያመጣበትና የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁሉም ይደበላለቅብኛል። ፒኤችፒ ልማር፣ ኖድ ወይስ ፓይተን? ወይስ ብር አጠራቅሜ አዲስ አበባ ሄጄ ኮርስ ልውሰድ? ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ይበቃል? አጎቴ ደሴ ነው የሚኖረው፣ በየቀኑ እየደወለ ዕቃ ስለሚያስቆጥረኝ ቀን ላይ ጊዜ የለኝም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገችኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ዓረፍተ ነገር ናት። አጎትሽ ከደሴ ይደውላል። «ስንት ካንዴላ ቀረ?» ይላል። አንቺ ደብተሩን ገልጠሽ ታያለሽ። «አሥራ አራት» ትያለሽ። እሱ ስልኩን ይዘጋል።

ይሄው ነው እኮ። ይደበላለቅብኛል ያልሽው ነገር በየቀኑ ስትሠሪው የከረምሽው ነገር ነው።

አጎትሽ ብሮውዘሩ ነው። ስልኩ ኔትወርኩ ነው። ደብተሩ ዳታቤዝ ነው። አንቺ ደግሞ ሰርቨሩ ነሽ። እሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መጥቶ ደብተሩን ራሱ አይገልጥም፤ ይጠይቃል፣ አንቺ አይተሽ ትመልሺለታለሽ። የማይታወቅ ዕቃ ከጠየቀሽ «እሱ የለንም» ትይዋለሽ፤ ሰርቨር 404 የሚለው ይሄንን ነው። የማታውቂው ሰው ደውሎ «የዱቤ ደብተሩን አንብቢልኝ» ቢልሽ መጀመሪያ «ማን ልበል?» ትያለሽ፣ ያ 401 ነው። ማንነቱን ብታውቂም አይመለከተውም ካልሽ 403። ደብተሩ ላይ ውሃ ፈስሶ ማንበብ ካቃተሽ ጥፋቱ የደዋዩ አይደለም፣ በአንቺ በኩል ነው፤ እሱ 500 ነው። ሁሉም ነገር ሰላም ከሆነና መልሱን ከሰጠሽው 200።

ይህን ነገር ስታጠኚ የጎደለሽ ዕውቀት ያን ያህል ብዙ አይመስለኝም። ኮርሶቹ መሣሪያ በማስጫን ይጀምራሉ፤ አሥር ነገር ታወርጃለሽ፣ ከዚያ የሆነ ሰው ስክሪን ላይ ሲጽፍ እያየሽ ትገለብጪያለሽ፣ በመጨረሻ የምትሠሪው የማታውቂው ሰው የፊልም ዝርዝር ይሆናል። ያ ዳታ የማንም ስላልሆነ ቢሳሳትም ማንም አይከፋም። ስለዚህ አትማሪበትም። የአጎትሽ ካንዴላ ግን አንድ ከጎደለ ማታ ይደወልልሻል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። የሱቁን ደብተር ሥሪው። ከአዝራሩ እስከ ሠንጠረዡ፣ ከሠንጠረዡ ተመልሶ እስከ ስክሪኑ ድረስ አንዲት ነገር ሙሉ ለሙሉ እንድትሄድ አድርጊ። አንዲት ብቻ። መግቢያ ገጽ፣ ዳሽቦርድ፣ የሚሽከረከር ግራፍ አያስፈልግም። «ሽያጭ መዝግብ» የሚል አንድ አዝራር በቂ ነው።

እስቲ ሁለት ካንዴላ ሸጥሽ እንበል። ዕቃውን መርጠሽ 2 ጽፈሽ ተጫንሽ። ጃቫስክሪፕቱ ይህን ጠቅልሎ «ዕቃ ቁጥር 7፣ ብዛት 2» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጄሰን የሚባለው ይሄ ነው። ከዚያ ፌች በሚባለው የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። አዲስ ነገር እያስመዘገብሽ ስለሆነ የጥያቄው ዓይነት ፖስት ነው፤ ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌት ይሆን ነበር። ሰርቨሩ ሲደርሰው ዝም ብሎ አይጽፍም። ይቺ ልጅ ማን ናት? ብዛቱ ቁጥር ነው? ከዜሮ በላይ ነው? መደርደሪያው ላይ ሁለት አለ? እነዚህን ካየ በኋላ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል፣ የዕቃ ሠንጠረዥ ላይ ከ14 ሁለት ቀንሶ 12 ያደርጋል። ከዚያ «ተመዝግቧል፣ 12 ቀርቷል» ብሎ ይመልሳል። ገጹ ሳይታደስ ያቺ ቁጥር ብቻ ትቀየራለች። በቃ። ይህን ከየትም ሳይገለብጥ የጻፈ ሰው ሌላውን ሁሉ የመማር ጉልበት አለው።

አሁን ግን መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ሽያጩ ተጽፎ ዕቃው ሳይቀነስ ቢቀርስ? ዳታቤዝ ለዚህ መልስ አለው፣ ትራንዛክሽን ይባላል፤ ወይ ሁለቱም ይሁኑ ወይ አንዱም አይሁን ማለት ነው። ይህን በመጽሐፍ ብታነቢው ደረቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ወዲያው ይገባሻል። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይ እንኳ ኔትወርኩ አብሮ ሲሄድ ታያለሽ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። ምክር ወደ መስጠቱ ከመግባቴ በፊት ፕሮግራም እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። ለአንድ አከፋፋይ የሽያጭ መመዝገቢያ ሠራሁ። እኔ ጋ ስሞክረው እንደ ውሃ ይፈሳል። እዚያ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ማታ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ደወለችልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርና ኮምፒውተሩ አይገጥምም አለች። በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ጎማ ሸጠች፣ አዝራሩን ተጫነች። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ደግማ ተጫነች። አሁንም ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነች። ትንሽ ቆይቶ ሦስቱም ገቡ፤ አንዱ ጎማ ሦስት ጎማ ሆነ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። እሷ ግን ብር አጎደልኩ ብላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። ፊቷን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አዝራሩ አንዴ ከተጫነ መልስ እስኪመጣ ድረስ ይዘጋ፣ ላዩም ላይ «እየመዘገበ ነው…» ይበል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ሰው ገጹን ሊያድሰው ይችላል። ስለዚህ ብሮውዘሩ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የራሱን የማይደገም መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ካየ «ይሄማ ተመዝግቧል» ብሎ ሳይደግም ይለፈው። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ታሪክ ከራስሽ ሱቅ አንስተሽ ብትነግሪ፣ እመኚኝ፣ ከሦስት ሰርተፍኬት በላይ ይሰማል።

ሌላው ዋና ነገር፣ ከብሮውዘር የመጣን ነገር አትመኚ። ዋጋውን ከገጹ ላይ ወስደሽ ወደ ሰርቨር ብትልኪ ማንም ሰው ኤፍ 12 ተጭኖ የገጹን ውስጥ ከፍቶ የ900 ብሩን ዕቃ 9 ብር አድርጎ ሊልከው ይችላል። ገጹ የዕቃውን መለያ ቁጥርና ብዛቱን ብቻ ይላክ፤ ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ ከሠንጠረዡ ያንብብ። ሰው የጻፈውንም ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው) ትዕዛዝ አትቀጥዪው፤ ዳታቤዙ ራሱ እሴቶቹን ለብቻ የሚቀበልበት መንገድ አለው፣ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሚ። የይለፍ ቃል ደግሞ እንዳለ አይቀመጥም፣ ወደ ኋላ በማይመለስ መንገድ ተቀይሮ ነው የሚቀመጠው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ፒኤችፒ፣ ኖድ ወይስ ፓይተን? ለአንቺ ኖድ። ጃቫስክሪፕት ጀምረሻል፣ ኖድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ያንኑ ቋንቋ ሰርቨር ላይ ያስኬዳል፣ አእምሮሽን በሁለት ቋንቋ መካከል አትከፍይውም። ሌላ ምስጢር የለውም። ፒኤችፒ አርጅቷል የሚሉሽን ግን አትስሚ፣ ብዙ እንጀራ የሚበላበት ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ፒኤችፒ የሚያውቅ እፈልጋለሁ ካለሽ ይህን ሱቅ ሠርተሽ ከጨረስሽ በኋላ መሻገሩ ብዙ ጊዜ አይወስድብሽም።

ለዳታቤዝ በኤስኪውላይት ጀምሪ። አንድ ፋይል ነው፣ የሚጫን ሰርቨር የለውም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ያው ነገር ኪስሽ ውስጥ ባለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥም አለ። ኤስኪውኤል ላይ ግን አትቸኩዪ፤ ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘት፣ በወር መደመር፣ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ማውጣት፣ ይህን እስኪለምድሽ ጻፊው። ፍሬምወርክ ይመጣል ይሄዳል፣ ኤስኪውኤል ግን አብሮሽ ያረጃል። በኋላ ፖስትግሬስ ወደሚባለው ከፍ ያለ ዳታቤዝ ትሻገሪያለሽ።

ሪአክትን ለምን ሁለት ጊዜ እንዳቆምሽው የገባኝ ይመስለኛል። ሪአክት በጃቫስክሪፕት ገጽ መገንቢያ መሣሪያ ነው፤ የሚፈታውን ችግር ገና አልቀመስሽውም ነበር። የጃቫስክሪፕት የመጀመሪያው ቅጂ በ1995 (ሁሉንም በፈረንጅ ቁጠሪው) በብሬንዳን አይክ በአሥር ቀን ነው የተጻፈው። ያኔ አንድ ነገር በተጫንሽ ቁጥር ገጹ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጫን ነበር። በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 ደግሞ የጉግል ካርታ ሲወጡ ገጹ ሳይታደስ ዳታ ከሰርቨር ማምጣት እንደሚቻል ዓለም ሁሉ አየ። ሪአክት የመጣው በ2013 ነው፣ ገጾች በዚህ መንገድ ተወሳስበው አልያዝ ሲሉ። አንቺም እዚያው ትደርሺያለሽ። የካንዴላው ቁጥር ዝርዝሩ ላይም፣ ማጠቃለያው ላይም፣ «ሊያልቅ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ላይም ይኖራል፤ አንዱን ቀይረሽ ሁለቱን ትረሻለሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከረሳሽ በኋላ ሪአክትን ክፈቺው። ያኔ በሳምንት ይገባሻል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ፣ ብዙ ልጆች እዚያ ጋ ነው ላፕቶፑን ዘግተው የሚተኙት። ገጽሽ በአንድ የፖርት ቁጥር፣ ሰርቨርሽ በሌላ ፖርት ሲሄዱ፣ ለምሳሌ አንዱ 5173 ሌላው 3000 ላይ፣ ብሮውዘሩ እንደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያያቸዋል። መልሱ መጥቶ ሳለ ለገጽሽ አልሰጥም ብሎ ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል። ኮድሽ ተበላሽቶ አይደለም። ሰርቨሩ «ከዚህ አድራሻ ለሚመጣ ይፈቀዳል» ብሎ መናገር አለበት፣ ሁለት ሦስት መስመር ነው።

አሁን ደግሞ ከፈረንጅ ኮርስ ላይ የማታገኚውን ልንገርሽ። የዱቤ ደንበኞችሽን ስም ስትመዘግቢ አንዱን ቀን «ሐሰን» ትያለሽ፣ ሌላ ቀን «ሀሰን»፣ አጎትሽ ደግሞ «ሃሰን» ብሎ ይፈልገዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ሰይድና ሠይድም እንደዚያው። ወሎ ውስጥ የስም መዝገብ ሠርቶ ይህን የረሳ ሰው ፕሮግራሙ በሳምንቱ ይጣልለታል። ስሙን ሰውየው እንደሚጽፈው አስቀምጪ፣ አጠገቡ ግን ሌላ ዓምድ ጨምሪ፤ እዚያ ሐንም፣ ኀንም፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይረሽ አስገቢ። ተከታዮቹንም ሆሄያት እንዲሁ፣ ሑን ወደ ሁ፣ ሥን ወደ ስ እያልሽ። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ ቀይረሽ በዚያኛው ዓምድ ላይ ፈልጊ። አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህን የሠራ ሰው ግን ለማን እንደሚሠራ ያውቃል።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ሠንጠረዡ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፣ ስታሳዪ ወደ እኛ ቀይሪ፤ የዛሬ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፣ ራስሽ ማስላት የለብሽም። ጳጉሜን አትርሺ፤ የወር ሪፖርት 12 ወር ብቻ አለ ብሎ ከተጻፈ የጳጉሜ ሽያጭ የትም አይታይም።

አዲስ አበባ ስለመሄድ። አሁን አትሂጂ። ኮርስ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያጠራቀምሽው ብር በቤት ኪራይ ያልቃል፣ ስትጨርሺም እንደ ሌሎቹ ያው የፊልም ዝርዝር ይዘሽ ትወጫለሽ። አሁን በእጅሽ ያለው ነገር ብርቅ ነው፤ እውነተኛ ዕቃ፣ እውነተኛ ዱቤ፣ በየቀኑ የሚጠይቅሽ እውነተኛ ተጠቃሚ፣ እሱም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ይህን ሠርተሽ ከያዝሽ በኋላ ብትሄጂ በሌላ አቋም ነው የምትሄጂው። ሰርተፍኬት ከፈለግሽ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የነፃ ኮርስ አሁንም ክፍት ከሆነ ውሰጂው፣ አይጎዳሽም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ከተማሽ ነው፤ ኮድሽን የሚያነብልሽ አንድ ተማሪ ፈልጊ፣ የእሱንም አንብቢለት። ብቻውን የሚማር ሰው ስህተቱ አይታየውም፣ ይለምደዋል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «ፉል ስታክ» (ገጹንም ሰርቨሩንም የሚሠራ ሰው) የሚል የሥራ ማስታወቂያ በብዛት ተለጥፎ አላይም፣ ይህን አልደብቅሽም። ግን ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ የግል ኮሌጅ፣ መጋዘን፣ የእህል ነጋዴ፣ ሁሉም ደብተር አላቸው። የመጀመሪያው ደንበኛሽ ምናልባት ከአጎትሽ ሱቅ አጠገብ ያለው ሰው ይሆናል። ከሩቅ ለሚቀጥርሽም ቢሆን ሲቪሽ ላይ የቋንቋ ዝርዝር ከመደርደር «በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ የሽያጭና የዱቤ መመዝገቢያ ሠርቻለሁ» የሚለው አንድ መስመር ይበልጣል። ኮድሽን ሰው እንዲያየው ጊትሃብ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስታወጪው ግን የእውነተኛ ደንበኞችን ስምና ዱቤ እንዳታወጪ። የፈጠራ ስም ሙዪበት። የሰው ዱቤ የሰው ገመና ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1321/2016። የዳታቤዝ የይለፍ ቃልም ኮዱ ውስጥ አይግባ።

ኤአይ ኮድ እንዲጽፍልሽ ብትጠይቂ አልከለክልሽም፣ ግን በዚህ በመጀመሪያው ሥራ ላይ «አስረዳኝ» እንጂ «ጻፍልኝ» አትበዪው። አንድ ልጅ በጣም የሚያምር ሥራ አምጥቶ አሳየኝና «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ስለው ዝም አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አዘንኩለት።

ላፕቶፑ ይበቃል። 4 ጊጋ ላይ ኖድ፣ ኤስኪውላይትና አንድ ብሮውዘር ያለ ችግር ይሄዳሉ፣ ታብ ብቻ አታብዢ። ሁሉም በራስሽ ማሽን ላይ ስለሚሠራ ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ለማውረድና ለማንበብ ብቻ ነው፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ የሚነበበውን አውርጂ። ኢንተርኔት ላይ ማውጣቱ ወደ መጨረሻ ይመጣል፤ ሰርቨር የሚያከራዩት ብዙዎቹ ድርጅቶች የውጭ ካርድ ይጠይቃሉ፣ ያለ ካርድ በነፃ የሚያስጀምሩም አሉ።

በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ይህን ብቻ አድርጊ። አንድ ሠንጠረዥ፣ አምስት ዕቃ፤ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ካቦ፣ የሞተር ዘይት። ብሮውዘሩ ላይ አድራሻውን ስትጽፊ ሰርቨሩ አምስቱን ከነብዛታቸው ይመልስልሽ። ማስዋብ የለም፣ ባዶ ጽሑፍ ይሁን። እሱ ሲሠራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አዝራሩን ጨምሪ።

ከመጀመርሽ በፊት ግን ለአጎትሽ ንገሪው፣ ደብተሩ የእሱ ነው። ሲያልቅም ደብተሩን አትጣዪው። አንድ ወር ሙሉ ሁለቱንም ያዢ፣ ወረቀቱንም ስክሪኑንም፤ ማታ ሱቅ ከመዝጋትሽ በፊት አስተያዪአቸው። ያልገጠመበትን ቀን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።